ያልጠለለው በርሜል

ሬሳው በማለዳ ከወንዙ ሲወጣ ኢንስፔክተር ዓፊያ ዓይኗ ያረፈው አፍንጫው ላይ ነው። የሟቹ፣ የአፈር ባለሙያው የጂራታ አፍንጫ በነጣ ጭቃ ተደፍኗል። ወንዙ ግን ቀይ ነው፤ በርበሬ የተበጠበጠበት ይመስላል።

ከኋላዋ የፖሊስ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ያጉረመርማል። ውስጡ ሽማግሌው ማህጁብ በካቴና ተቀምጧል። ሬሳው የተገኘው እሱ ወርቅ የሚያጥብበት ዳር ላይ ነው፤ ትናንት ደግሞ «መሬቴን አትቆፍር» ብሎ ከጂራታ ጋር ሰው እያየ ተጣልቷል።

«ኢንስፔክተር፣ አሶሳ እየጠበቁን ነው!» አለ ሾፌሩ።

«አጥፋው። ነዳጅ አትጨርስ።»

ማህጁብ ፖሊሶቹም እንዲሰሙት በተሰባበረ አማርኛ ጮኸ። «ወላሂ እኔ አልገደለም! ዓፊያ፣ ልጄ፣ አንተ ከእናትህ ጋር እዚህ ወርቅ አጥቦ አደገ። እኔን ታውቃለህ!»

ታውቀዋለች፤ የጨነቃትም ለዚህ ነው። አንዴ አሶሳ ከገባ ወንጀሉ እላዩ ላይ ይደርቅበታል።

ከሬሳው ኮሌታ ነጩን ጭቃ ቆንጥራ አሸችው። እንደ ዱቄት ለሰለሰ፤ ጣቷ ላይ አልተጣበቀም። ከዚያ ጥርሷ መሃል አደረገችው።

«ኤጭ! የሬሳ ጭቃ!» ሾፌሩ ፊቱን አዞረ።

«እናቴ እንዲህ ነው ያስተማረችኝ። ሸክላ አፈር ጥርስ ላይ ይሟሟል። ይሄ ይንቋቋል። የደቀቀ ድንጋይ ነው።»

ነጭ ቋጥኝ ወዳለበት ተራራ አመሩ። እግሩ ስር፣ ጂራታ የሚሠራበት፣ በቆርቆሮ የታጠረ የግድብ ሥራ ካምፕ አለ። ኮንትራክተሩ ረጋሳ ቁልፍ እያሽከረከረ ከፈተላቸው። በሩ ጋ የቆመው ፒካፕ ኋላው ውሃ ያንጠባጥባል።

«ጂራታ አመሻሽ ላይ ወጥቶ ሄደ» አለ ረጋሳ። «ከዛ ቆለፍኩ። እስክትመጡ ድረስ ዝንብ አልገባም! እኔም ንቅንቅ አላልኩም።»

የጂራታ ረዳት ሎዛ ገና ከባምባሲ መኪና መውረዷ ነው። እያለቀሰች ዓፊያን ከግቢው ጥግ ወዳለው በርሜል ወሰደቻት። የተራራው ጎርፍ በቦይ የሚገባበት ነው። ውሃው ወተት መስሏል።

«ሁሌ እንዲህ ነው?»

«ኧረ! ደለሉ አንድ ሌሊት ካደረ ታች ይወርዳል፤ ውሃው ጠልሎ ፊትዎን ያሳይዎታል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ስምንት ቀን ሆኖታል» አለች ሎዛ። ድምጿን ቀነሰች። «ጋሽ ጂራታ ዛሬ ሪፖርት ሊያስገባ ነበር። ተራራው እየበሰበሰ ነው፣ ግድቡን በስድስት ዓመት ደለል ይሞላዋል፣ ሥራው ይቁም የሚል።»

ዓፊያ ማህጁብን አስመጣችና ሁሉንም ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ስር ሰበሰበቻቸው። እጇን ወደ ተራራው ዘረጋች።

«ያንን ቋጥኝ ቀን ፀሐይ ያግለዋል፣ ሌሊት ብርድ ይሰነጥቀዋል። ዝናብ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ያበሰብሰዋል። አሸዋ ይሆናል፣ አሸዋው ደቆ ነጭ ደለል ይሆናል። ጂራታ የታፈነው በዚህ ደለል ነው። ወንዙ ጋ ቀይ ሸክላ ብቻ ነው ያለው። ነጩ ከውሃ ጋር የተጠራቀመው በርሜሉ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ሽማግሌ በሌሊት ገብቶ ደፍቆት ይሆናላ!» አለ ረጋሳ።

«በሌሊት ቢሆን እስካሁን በጠለለ ነበር። የተበጠበጠው ጎህ ሲቀድ ነው። ደግሞስ በየት ገባ፣ አቶ ረጋሳ? ዝንብ አልገባም አሉኝ እኮ። ንቅንቅ ሳይሉ ፒካፑን ማን አጠበው? ሬሳውን ወንዝ ካደረሰ በኋላ?»

ረጋሳ ወደ ፒካፑ አፈገፈገ። ቁልፉ ከእጁ ወደቀ።

ካቴናው እጅ ቀየረ። መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሲወርድ ማህጁብ ያበጠ የእጅ አንጓውን እያሸ፣ በቅል ውሃ ይዞ መጣ።

«አፍህን ታጠብ፣ ልጄ።»

ተጉመጠመጠች፣ ተፋች። ደገመችው። አሁንም ጥርሷ ላይ ይንቋቋል።