ጀርባዋን ለሜዳው የሰጠች ልጅ

«ልተኩሰው ወይስ ላንሳው?»

ሴትየዋ የማተሚያውን እጀታ ይዛ ትጠብቃለች። ከጋለው ብረት ሥር የዳሶም ነጭ ማልያ በደረቱ ተደፍቷል። ጀርባው ላይ ቀያይ ፊደላት ተደርድረዋል፤ ማ ቴጉን። ከስሙ በታች ሁለት ትልልቅ አኃዞች አሉ፤ 94። ገና አልተጣበቁም። ሰው ቢያስነጥስ ይበተናሉ።

«አንዴ ይቆዩኝ፣ አክስቴ።»

«እኔ እቆያለሁ። ብረቱ ነው የማይቆየው፤ እሱ መብራት ይበላል።»

ሱቋ የስታዲየሙ ደረጃ ሥር ናት። ተመልካች ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ጣሪያው ይንኳኳል። ውጪ የዶሮ ጥብስ ይሸታል፤ ከበሮ ይሞከራል። ከባሕሩ የተነሳው ጉም መንገዱን ተሻግሮ በበሩ ሥር መግባት ጀምሯል።

ዳሶም አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቤዝቦል የምትወደው ከልቧ ነው፤ ተጫዋቾቹን ደግሞ ለጨዋታ ያህል ትወዳለች። ፎንቃዋ ቶሎ ይይዛታል፣ ቶሎ ይለቃታል። መጀመሪያ የወደደችው የከተማዋን ቡድን፣ የሽመላዎቹን ኳስ ወርዋሪ ቦንግ ሳንዩን ነበር፤ ሲናደድ ጉንጩ ስለሚሰረጉድ። ስሙን ማልያዋ ላይ አሳተመች። ብዙም ሳይቆይ የቦንግ ሳንዩ ክርን ተሰነጠቀ። ስሙን አስነስታ የኖ ሂቻንን አሳተመች፤ እሱ ደግሞ ኳስ እስኪመጣ ማስቲካ በፊቱ ሙሉ ይነፋል። ኖ ሂቻን ለሴኡል ቡድን ተሸጠ። ቀጥሎ ፕዮ ዶጂን መጣ፤ ሲሮጥ ቆቡ ወድቆ ፀጉሩ የሚበተነው። ስሙ ገና አዲስ ሳለ፣ ኳስ ሲያባርር ከአጥሩ ጋር ተላተመ። በቃሬዛ አወጡት። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ ያየው የለም።

ትምህርት ቤት ወሬው ወዲያው ተዳረሰ።

«ዳሶም፣ በናትሽ የሴኡሎቹን ወርዋሪ አሳትሚልን! ለቅዳሜ እንዲሰበርልን!»

«ጀርባዋ እኮ መቃብር ነው። ድንጋዩ ያው ነው፤ ስም ብቻ ይቀያየራል።»

እሷም አብራ ትስቅ ነበር። የፕዮ ዶጂን ስም ከተነሳ በኋላ ግን ማልያዋን አጥባ መስኮት ላይ ስታሰጣው አንድ ነገር አየች። ፊደል የነበረበት ቦታ ከሌላው ጨርቅ ይልቅ ይነጣል። ሲደርቅ አይታይም። ሲርስ ግን ሦስቱም ስሞች አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ይወጣሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማልያዋን ባዶውን ነው የምትለብሰው።

ባለፈው ሐሙስ ክፍል ሲጠርጉ ማ ሚሬ መጥረጊያዋን አቁማ ጠራቻት። ሚሬ የልብ ጓደኛዋ ናት።

«ወንድሜን ታውቂዋለሽ አይደል?»

ዳሶም ማወቁንስ ታውቀዋለች። የሚሬ ወንድም ማ ቴጉን ለሽመላዎቹ ይጫወታል ይባላል እንጂ የሚጫወተው ሌላው ነው። እሱ ዳር ቁጭ ይላል። የጣሉትን ዱላ ይሰበስባል፣ ያረጠቡትን ፎጣ አጥፎ ያስቀምጣል። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ የሚነሳ ዕቃ ሲኖር ስሙን ያስታውሱታል፣ ፎቶ ሲነሱ ካሜራውን ያስይዙታል። ጆሮዎቹ ከቆቡ ሥር ወጣ ወጣ ያሉ ናቸው። ዳሶም እነዚያን ጆሮዎች ከወደደቻቸው ቆይታለች። ለማንም አልተናገረችም። ስሙን በልቧ እንኳ እንዳትጠራው ትጠነቀቅ ነበር፤ እንዳይሰበር።

«ምን ሆነ?» አለች።

«ዋሸሁት።» ሚሬ ድምፅዋን ቀነሰች። «በጸደይ ሰሞን ሆዱ ባብሶ ምግብ አልበላ ብሎ ነበር። በዚህ ሁሉ ዓመት ስሜን ያሳተመ አንድ ሰው የለም አለኝ። እኔም አንዲት ልጅ አለች አልኩት። ዓይን አፋር ናት፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው የምትቀመጠው አልኩት።»

«እሺ፣ ደግ አደረግሽ። ታዲያ?»

«ትናንት አየኋት አለኝ።»

ዳሶም ሳቀች። ሚሬ ግን አልሳቀችም።

«አንቺ ትሆኚያለሽ ብዬ ነበር።»

«እኔ? ትናንት ጉንፋን ጥሎኝ ተኝቼ! ማልያዬም ቤት በሩ ላይ ተሰቅሎ ነው የዋለው።»

«አውቃለሁ። እናትሽ ነገረችኝ። ለዚህ እኮ ነው የፈራሁት።» ሚሬ በሩን አየት አደረገች። «ጉሙ ሲገባ ነው ያየኋት አለ። ነጥብ ከሚጻፍበት ሰሌዳ አጠገብ፣ ከሁሉም በላይ። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ጨዋታው አዙሯል፤ እሷ ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ ቆማለች። 94 ግልጥ ብሎ ይታያል። ያን ሁሉ ጊዜ አንዴ እንኳ አልዞረችም።»

«ቁጥሩን እንዲያይላት ብላ ይሆናላ። እኛስ ስንጠራቸው ጀርባችንን እናዞር የለ?»

«ለአፍታ ነው የምናዞረው። ከዚያ ተመልሰን ጨዋታውን እናያለን።»

አንድ ልጅ «እናንተ፣ ወለሉ ራሱን ይጥረግ?» ብሎ ጮኸባቸው። ሚሬ ሁለት ጊዜ መጥረጊያዋን ገፋ ገፋ አደረገችና እንደገና ቆመች።

«ትናንት ማታ ሩዙን ደግሞ በላ፣ ዳሶም። እየሳቀ። እሑድ በሜዳችን የመጨረሻው ጨዋታ ነው። ካስገቡኝ እጄን አነሳላታለሁ አለ። ቀና ብሎ ሲያይ ማንም ባይኖርስ?»

«እኔ አልችልም። የኔን ጀርባ ታውቂው የለ? ይሰበራል።»

«ያልተሰበረ ምን ቀረው?» አለች ሚሬ። ድምፅዋ ውስጥ ለቅሶ ነበር።

ዳሶም ዛሬ ከዚህ ሱቅ የተገኘችው በዚህ ምክንያት ነው። ፊደላቱን አየቻቸው። እንዲህ ተኝተው ምንም የሚያደርጉ አይመስሉም።

«አክስቴ፣ ይህን ስም ለሌላ ሰው አትመው ያውቃሉ?»

«ዘጠና አራትን? ፊደሉ እንኳ አልነበረኝም፤ አሁን ላንቺ ነው የቆረጥኩት።» ሴትየዋ እጀታውን ለቀቀችና ጨርቅ አንስታ እጇን ጠረገች። «ልጁ ራሱ መጥቶ ነበር። ዓርብ ዕለት። አንቺ የቆምሽበት ቆሞ፣ ‹ስሜን ለየትኛዋ ልጅ ነው ያተሙት?› አለኝ። የማትመው ብዙ ነው፣ መልክ አልይዝም አልኩት።»

«ለምን እውነቱን አልነገሩትም?»

«ከእሱ በፊትም የጠየቁኝ ስላሉ።»

ጣሪያው ተንኳኳ። ሴትየዋ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ከዓመታት በፊት አንድ ግራኝ ተጫዋች ነበር፤ አንድም ቀን አላስገቡትም። እሱም መጣ፤ ቁጥሬን ለብሳ ከላይ የቆመችው ማን ናት አለ። ከእሱ በኋላም ሌላ መጣ። ሁሉም ሰው የማያውቃቸው፣ ከወንበሩ ዳር የሚቀመጡት ናቸው። ሁሉም ያዩዋት በጉም ነው። ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ለብሳ። ፊቷን ያየ የለም።»

«ከዚያስ ምን ሆኑ?»

«በሚቀጥለው ጸደይ አልነበሩም። አይ አትደንግጪ፣ አልሞቱም! ግራኙ ዶሮ ቤት ከፍቷል፤ ጥብሱም አይረባም። አንዱ አውቶቡስ ይነዳል። ብቻ እዚህ አልነበሩም። አለቆቹ አባረሯቸው። ደህና ዋል ያላቸውም የለ።» ሴትየዋ ይህን ስትል በሩን እያየች ነበር፤ አንድ ሰው እንደሚገባ ሁሉ። «አንዳንዴ፣ እሷስ ለምን አትደክምም እላለሁ። ጨዋታውን እንኳ ሳታይ።»

ዳሶም ማልያውን በጣቷ ነካችው። የፕዮ ዶጂንን ግጭት አስታወሰች፤ ድምፁን፣ ከዚያ የወረደውን ዝምታ። ቴጉን ያቺኛዋን አይቶ ከሆነ መሄዱ ነው። ግን ዛሬ የሚያየው እሷን፣ ዳሶምን ቢሆንስ? ከላይ የምትቆመው ልጅ ትኩስ ዶሮ የምትበላ፣ ጉንፋኗ ገና ያልለቀቃት፣ ስም ያላት ልጅ ብትሆንስ?

«ይተኩሱት» አለች።

ብረቱ ወረደ። ጨርቁ እስስስ አለ።

የመጨረሻው ረድፍ ባዶ ነበር። ጉሙ ወንበሮቹን አርጥቧቸዋል። ሰው ሲነሳ በራሳቸው ቷ ብለው የሚታጠፉ የፕላስቲክ ወንበሮች ናቸው። ዳሶም ከነጥብ ሰሌዳው አጠገብ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጎኗ ያለው ወንበር ላይ ጫነችው። አብራት የወጣችው ሚሬ በደረጃው ልትወርድ ስትል ከጎኗ ሆና ጀርባዋን አየችና ቀጥ አለች።

«ዳሶም፣ ጀርባሽ። ሁሉም ወጥተዋል።»

«እነማን?»

«ቦንግም፣ ኖም፣ ፕዮም። ከሱ ሥር ይታያሉ።»

«ጨርቁ ረጥቦ ነው። ሂጂ አቦ፣ ሙድ አትያዢብኝ።»

ሚሬ ከወንድሟ መቀመጫ ትይዩ፣ ከታች ቦታ ይዛለች። ጨዋታው ሲጀመር ሜዳው ይታይ ነበር። እየቆየ ሩቆቹ ተጫዋቾች ጠፉ፤ ከዚያ አረንጓዴው ራሱ ጠፋ። መብራቶቹ በርተው እንደ ወተት ብርጭቆ ተንጠልጥለዋል። ዳኞቹ ተሰብስበው ተነጋገሩ፤ ጉሙ ሳሳ ሲል ጨዋታው ቀጠለ።

በአንድ ነጥብ የሚመሩት ሴኡሎቹ ነበሩ። ወደ ማብቂያው ላይ ጉልበቱን የሚያመው ወፍራሙ መቺ እያነከሰ ሯጮች የሚያርፉበት የመጀመሪያው ቤዝ ላይ ደረሰ። በእሱ ፋንታ የሚሮጥ ሰው ፈለጉ። ድምፅ ማጉያው ጠራ።

«ማ ቴጉን።»

ለሌላው ሁሉ ዘፈን አለው። ስሙ ሲጠራ ከበሮው ይመታል፣ ሕዝቡ እየዘለለ ይዘፍንለታል። ለማ ቴጉን የተሠራ ዘፈን የለም። ከበሮ መቺው ዱላውን እንዳነሳ ቀረ። አንድ ሰው «ማነው ደግሞ ይሄ?» ብሎ ሳቀ።

ዳሶም ተነሳች። ዞረች። ጀርባዋን ለሜዳው ሰጠች።

ፊት ለፊቷ የሲሚንቶው ግድግዳ አለ፤ ከዚያ ወዲያ የብረት ፋብሪካው ጭስ ማውጫዎች ነበሩ፤ አሁን ግን ጉም ብቻ ነው። የተተኮሰው ስም ጀርባዋ ላይ ገና የሚሞቅ መሰላት። ሌላው ገላዋ ቀዝቅዟል። በተለይ ግራ ጎኗ። ማቀዝቀዣ ተከፍቶ እንደተረሳ ያለ ብርድ ከዚያ በኩል ይመጣል። ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ እርጥብ ልብስ የተሰቀለ ይመስል። ዓይኗን ከግድግዳው አልነቀለችም።

ስልኳ ጮኸ። ሚሬ ነበረች።

«አየሽው? አየሽው? እጁን አነሳ!»

«እንዴት አየዋለሁ? ጀርባዬን ሰጥቼ!»

«እየሳቀ ነው፣ ዳሶም! በእናቴ እየሳቀ ነው! ሁለት ጊዜ አነሳ!»

«ለምን ሁለት ጊዜ?»

«እኔ እንጃ» አለች ሚሬ፣ ቀስ ብላ። «አንዴ ወዳንቺ። አንዴ ደግሞ... ወደ ጎንሽ። ዳሶም፣ ከጎንሽ ሰው አለ እንዴ? ከዚህ ጉሙ ከልሎኛል።»

ዳሶም ስልኩን ኪሷ ከተተችው። አንገቷን ትንሽ ብታዞር በቂ ነበር። የዚያችን ፊት ግራኙም አላየም፣ ሌላውም አላየም፤ ዳሶም ግን አሁን አንገቷን ብታዞር ታይ ነበር። ከኋላዋ ዱላ ኳስ መታ። ሕዝቡ አንድ ላይ ተነሳ። «ሩጥ! ሩጥ! ሩጥ!» ይላል፤ ማንነቱን ያልጠየቀው ሁሉ አሁን ሩጥ ይለዋል። እነዚያ ጆሮዎች በነፋስ ሲገፉ በዓይነ ኅሊናዋ ታዩዋት። መዞር አማራት፤ እጅግ አማራት።

ግራ እጇን ዘረጋች። ቦርሳዋን ከወንበሩ አንስታ ቦታ ለቀቀችና እግሮቿ መሃል አስቀመጠችው።

ወንበሩ ቷ ብሎ መታጠፍ ነበረበት። ጠበቀች። አልታጠፈም። ባዶውን፣ ሰው እንደተቀመጠበት ሁሉ ወደ ሜዳው እንደተዘረጋ ቀረ።

ዳሶም ቁጥሩ ደህና አድርጎ እንዲታይ ትከሻዋን አቃናች፤ ፊቷን ወደ ጉሙ እንዳደረገች ቆመች።