የጋሽ ገብረየስ ቆጠራ

ድምፅ ለቃሚው፣ ማለትም ከአሮጌ ግድግዳና ብረት ውስጥ የድሮ ንግግርን የሚያወጣው መሣሪያ፣ ያን ዕለት ጠዋትም እንደ ወትሮው ሥራው ላይ ነበር። ማስተዋል በድረ ገጽ የሚነበበው የሕዝብ መዝገበ ዕውቀት አርታኢ ናት። በየብሔረሰቡ የታዋቂ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ያለ ማስረጃ የገባን ስም ትሰርዛለች። ደንቡንም ያረቀቀችው ራሷ ናት፦ ሰውየው በገዛ አንደበቱ «ነኝ» ካላለ አይገባም። በስምና በመልክ እየገመቱ ሰውን መመደብ ስንቱን እንዳስለቀሰ ታውቃለችና።

ዛሬ ግን ተራው የጋሽ ገብረየስ ሆነ። በዝዋይ ሐይቅ ላይ የተንሳፈፈውን ከተማ ድልድዮች የሠሩት፣ እሷንም በወጣትነቷ ሙያ ያስተማሯት ሟቹ መሐንዲስ ናቸው። በዘይ ብሔረሰብ ዝርዝር ውስጥ የቀረው ስም የእሳቸው ብቻ ነው። ዘዮችማ በከተማው ሞልተዋል፤ ማስረጃ የተገኘለት ታዋቂ ሰው ግን የለም። እሳቸው ከወጡ ገጹ ይዘጋል።

«ጋሽ ገብረየስ ዘይ ነኝ ያሉበትን ፈልግልኝ» አለችው ድምፅ ለቃሚውን።

መሣሪያው አሰማት። ጋሽ ገብረየስ ብሎን እያጠበቁ በዘይኛ ይቆጥራሉ። ሌላ ፈልግ ብትለው ከሌላ ግድግዳ ያንኑ ቆጠራ አመጣ።

«ተበላሸህ እንዴ? እኔ የጠየቅሁህ ሌላ!»

«ሰው ለራሱ ሲቆጥር አይዋሽም። ከ'ነኝ' ይበልጣል ብዬ ነው።»

ሆድ ባሳት። ያ ወፍራም ድምፅ፣ በየመሐሉ የምታቋርጠው ሳል እንኳ አልቀረችም። «ነይ ልጄ፣ እየቆጠርሽ አቀብዪኝ» ይሏት ነበር። ናፈቋት። ማን ነዎት ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያውቃቸዋላ! እሺ ልትል አፏን ስትከፍት መሣሪያው ቀደማት።

«በዚሁ ማስረጃ ሌላም ሰው ተገኝቷል።»

አንዲት ልጅ እግር ሴት በዘይኛ ብሎን ትቆጥራለች፤ አቆጣጠሯ ቁርጥ የጋሽ ገብረየስ ነው። የራሷ የማስተዋል ድምፅ ነበር።

«ዝርዝሩ ውስጥ ላስገባሽ?»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን እንባ ቀላቀለ። «እኔ እኮ የሐረር ልጅ ነኝ። ጋሼ እስኪያስተምሩኝ ድረስ አንድ ቃል ዘይኛ አላውቅም ነበር።»

«እሳቸውስ ከማን እንደተማሩት በምን አውቃለሁ?»

ደንቡ ልክ ነበር፤ ያንገበገባትም ልክ መሆኑ ነው። ስማቸውን በገዛ እጇ ሰረዘች፤ ገጹም ተዘጋ።

ወደ ቤቷ ስትመለስ በእሳቸው ድልድይ አለፈች። መሐል ላይ ቆማ የብረት መደገፊያውን ብሎኖች እየነካች በዘይኛ ቆጠረች። አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ አያት። ቆጥራ ስትጨርስ ወደ ብረቱ ጠጋ አለችና፣ ኋላ ለሚለቅመው መሣሪያ እንዲሰማ ጮክ ብላ ተናገረች።

«እኔ ማስተዋል ነኝ። ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ገብረየስ ናቸው።»