ለጀልባዋ የተቀባ ደም

ዓሣ ነባሪ አዳኙን ጋስፓርን ከባሕር ያወጡት ከቀትር በኋላ ነበር። ከዘንባባ ቅጠል በተሠራው ሸራ ላይ አጋድመው አሸዋው ላይ አሳረፉት። የዓሣ ነባሪው ጅራት ደረቱን አድቅቆታል። አብረውት የወጡት አሥራ ሦስት ቀዛፊዎች ውኃው ከላያቸው እየተንጠባጠበ ቆመዋል። የሚያለቅስ አልነበረም። ሁሉም ዓይኑን የጣለው በሟቹ ቤት ላይ ነው።

«ሚስቱ ኦዲሊያ ዛሬ ጠዋት ተጣልታዋለች» አለች አንዲት ሴት። «ጩኸቷ እኔ ቤት ድረስ ተሰምቷል።»

ሌላ ማስረጃ የጠየቀ የለም። በዚያ በሌምባታ ደሴት ደቡብ ዳርቻ፣ ከጀልባ አፍንጫ ላይ ጦር ይዞ ዓሣ ነባሪ ጀርባ ላይ የሚዘል ሰው ቤቱ ሰላም ከሌለው ባሕሩ አይመልሰውም። ጥፋቱም የሚስቱ ነው። የመንደሩ አለቃ ቴዎዶሩስ እዚያው ተናገረ፦ ነገ ቀብሩ እንዳለቀ ኦዲሊያ ወደ ተራራው፣ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። ሦስት ልጆቿ ከባሏ ወገን ዘንድ ይቀራሉ።

ጀልባ ሠሪው ሴቬሪኑስ ከሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ መቁጠሪያውን ይዞ ጸለየ። ጸሎቱን ሲጨርስ ግን አልተነሣም። ከሬሳው ጎን የተጣለውን የተሰበረ የጦር ዘንግ አንሥቶ በጣቱ ዳበሰው። የቀርከሃው ስባሪ ግማሹ ተፈልጦ እንደ ጸጉር ተበትኗል። ግማሹ ግን ልስልስ ያለ ነው።

«ቴዎዶሩስ፣ እጅህን ስጠኝ። እዚህ ጋ ንካው።»

«ምንድነው?»

«ቢላዋ ነው። ዘንጉን እስከ ግማሹ ቆርጠው፣ ጥላሸት ቀብተው፣ በገመድ ጠቅልለውበታል። ጋስፓር ክብደቱን ሲጥልበት ተሰበረ። የሚስት ቁጣ ገመድ አይጠቀልልም።»

አለቃው ጢሙን አሻሸ። «እስከ ነገ ቀብር ጊዜ አለህ። ከዚያ በኋላ ሰዉን ልይዘው አልችልም።»

ሴቬሪኑስ ወደ ሟቹ ቤት ገባ። ኦዲሊያ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ትንሹ ልጅ ጭኗ ላይ ተኝቷል።

«ኢና ኦዲሊያ» አላት፣ በአገሩ ወግ እናት ብሎ። «እውነት ተጣልታችኋል?»

«ተጣልተናል ባፓ» አለች፣ እሷም አባት ብላ። « እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በዚያ በረሃብ ዓመት ነገር። በጦሩ ገመድ የተያዘው ዓሣ ነባሪ ጀልባዋን ስድስት ቀን ሲጎትት የክሌመንስ ልጅና የሉካስ ወንድም በውኃ ጥም አልሞቱም? ገመዱን ቁረጥ ሲሉት እምቢ አላለም? ‹ዛሬ ሳትወጣ ሄደህ ይቅርታ ጠይቃቸው› አልኩት። ‹መንደሩን አብልቻለሁ፤ የምን ይቅርታ?› ብሎ ወጣ። እኔም ‹እንግዲያው አትመለስ› አልኩት።» አፏን በእጇ ያዘች። «አልተመለሰም።»

ሴቬሪኑስ ልጁን በመስቀል ምልክት ባርኮ ወጣ።

ሉካስ የጋስፓር ረዳት ነው። ጦሮቹን የሚጠብቀውም የሚያቀብለውም እሱ ነው። ሴቬሪኑስ ባሕር ዳር ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ አገኘው።

«ባፓ፣ አዲሱን ጦረኛችንን ሊጠይቁት መጡ?» አለ አንዱ ቀዛፊ። «እግሩ ሲንቀጠቀጥ ጀልባዋን ያሰምጣታል እንጂ ዓሣ አይገድልም።»

«አንተ አፍህን ዝጋ!» ሉካስ ፊቱ ጠቆረ። «እኔ እዚያ አፍንጫ ላይ መቆም እፈልጋለሁ? እናቴ አንድ ልጅ ለባሕር ሰጥታለች።»

«ዘንጉን ያቀበልከው አንተ ነህ?»

«ለትልቅ ዓሣ ረጅሙ ነው የሚቀርበው። ይህን ሕፃንም ያውቃል።»

«ከዚያ በፊት ማን ነካው?»

«ቅዳሜ ሳሰናዳው ደኅና ነበር፤ እሑድ ሁላችን ቅዳሴ ነበርን። የጀልባዋ ዳስ በር የለውም፤ ማንም ይገባል ባፓ።»

ሴቬሪኑስ ወደ ዳሱ ሄዶ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ገባ። እያንዳንዱን ሳንቃ በገዛ እጁ ጠርቦ የገጣጠማት ናት። ከአፍንጫዋ ጀምሮ በጉልበቱ እየሄደ ሁሉንም መቀመጫ ከላይም ከታችም ዳበሰ። መጨረሻ ላይ፣ የኋላ ቀዛፊው ከሚቀመጥበት ሳንቃ ሥር፣ እጁ የደረቀ ነገር ነካ። ደም ነው። ደሙ ላይ አንዲት ላባ ተጣብቃለች። ላባዋን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

የኋላ ቀዛፊው ክሌመንስ ቤቱ ደጃፍ ገመድ እየገመደ ነበር። ሴቬሪኑስ ስለ ተሰበረው ዘንግ ሲጠይቀው ቀና አላለም።

«ቀርከሃ ያረጃል ባፓ።»

«ይኼ ገና ሦስት ወሩ ነው። ከጫካ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።» ሴቬሪኑስ አጠገቡ ተቀመጠ። «በቅርቡ ዶሮ አርደሃል?»

«ዶሮ?» ክሌመንስ ሳቀ። «እኔን ሀብታም አደረጉኝ እኮ! ከፋሲካ ወዲህ የዶሮ ላባ በእጄ አልነካሁም።»

በማግስቱ ከቀብር መልስ መንደሩ ዳሱ ውስጥ ተሰበሰበ። ኦዲሊያ ልጆቿን አቅፋ ለብቻዋ ተቀምጣለች። የባሏ እናት ልጆቹን ለመረከብ አጠገቧ ቆማለች። ሴቬሪኑስ ስባሪውን ለሁሉም አሳየና ቀስ ብሎ ጀመረ።

«ጀልባዋን ወይም ዕቃዋን በብረት የነካ ሰው ምን ያደርጋል? ሉካስ፣ አንተ ንገረኝ።»

«ለርስዎ ይነግራል። ዶሮ አርዶ ደሙን ለጀልባዋ ይቀባል። አለዚያ ተቆጥታ የተሳፈረውን ሁሉ ትጨርሳለች።»

«የት ይቀባል?»

«እያንዳንዱ በገዛ ቦታው። የሌላውን ሳንቃ ደም ያስነካ፣ ምሕረቱ ለዚያ ሰው ይሄድና እሱ ባዶውን ይቀራል።»

«ለኔ የነገረኝ የለም፤ ደሙ ግን አለ። ዘንጉን የቆረጠው የውጭ ሰው ቢሆን ጀልባዋ ብትቆጣ ምን ገዶት? ያስታረቃት አብሯት ሊሳፈር የነበረ ሰው ነው። በጋስፓር ቂም የያዙ ደግሞ ከተሳፋሪዎቹ ሁለት ናቸው። ሉካስ ቦታው ከፊት ነው፤ እዚያ ምንም የለም። ደሙ ያለው ከኋላ ነው።»

«ሉካስ እኔን ሊወነጅል ቀብቶት ይሆናላ!» አለ ክሌመንስ።

«ሊወነጅልህ ቢፈልግ ዓይን በሚያየው ቦታ ይቀባው ነበር። ይህ ከሳንቃው ሥር የተደበቀ ነው። ደግሞስ ለአንተ ምሕረት ገዝቶ እሱ ያለ ምሕረት ይሳፈራል?» መሐረቡን ፈታ። «ይህም ደሙ ላይ ነበር።»

ላባዋ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ነች። የክሌመንስ ሚስት ማርሴሊና አንገቷን አስግጋ አየች።

«ይቺማ የኔ ገብስማ ናት! ክሌመንስ፣ ጭልፊት ወሰዳት አላልከኝም...»

 ባሏን አየችው። 

ክሌመንስ መሬት መሬቱን አየ። «እሑድ አሞኛል ብዬ ከቅዳሴ ቀረሁ» አለ። «ልጄ በአምስተኛው ቀን የገመዱን ውኃ ይመጥ ነበር። ጨው ነው አልኩት፤ አልሰማኝም። ገመዱን ቁረጥ ብዬ ጋስፓር እግር ላይ ወደቅሁ። ‹መንደሩ ተርቧል› አለኝ። ሥጋውን ሁላችሁም በላችሁ። እኔም በላሁ።» ክሌመንስ ቀና አለ። «ጀልባዋ ላይ አሥራ አራት ነበርን። የፈለግሁት አንዱን ብቻ ነው።»

ሴቬሪኑስ ዓይኑን ጨፈነ። ያን ሥጋ እሱም በልቷል።

«የመንግሥት ጀልባ ሲመጣ ታስረህ ትሄዳለህ» አለ ቴዎዶሩስ። ቀጥሎ ወደ ኦዲሊያ ዞረ። «አንቺ ጥፋት የለብሽም። ልጆችሽ ያንቺ ናቸው።»

ኦዲሊያ ሴቶቹ ከማርሴሊና አጠገብ አንድ በአንድ እየተነሡ ሲርቁ ታያለች።

«ማርሴሊናስ ምን ብላው ይሆን?» አለች ያቺው የትናንቷ ሴት። «ሰላም ያለው ቤት ነፍሰ ገዳይ ያወጣል?»

ኦዲሊያ ትንሹን ልጅ አዝላ ተነሣች፤ ዳሱን አቋርጣ ሄደችና ከማርሴሊና ጎን ተቀመጠች። ማርሴሊና ልትሸሽ ስትል እጇን ያዘቻት።

«ትናንት እኔ ነበርኩ» አለች ሴቶቹን እያየች። «ዛሬ እሷ ናት። ነገስ ማናችሁ ናችሁ?»