ኪስ የማይገባ ጓንት

«ጓንቱስ?» ብላ ነበር የልጅቷ እናት፣ ልጅ እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ኪሱ ውስጥ ነበር» ብላ መለሰችላት አንዲት ሴት፤ ምናልባት ጎረቤታቸው ነርሷ ትሆናለች። ከዚያ ሌላም ነገር ተባለ፤ ግን ውጭ መኪና እያጓራ አለፈና የቀረው ጠፋ።

ልጅቷ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ የሰማችው ይህችኑ ብቻ ነው። በማግስቱ አባቷ ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሎ ቤት ዋለ፤ ምሳውንም እሷ አጎረሰችው። ጨዋታ መስሏት ደስ ብሏት ነበር። ዛሬ አሥራ አምስት ሞልቷታል፤ አባቷ ግን ያንን ወሬ አንድም ጊዜ አንስቶት አያውቅም።

ይኸው አሁን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ጓንት እየለካ መስታወት ፊት ቆሞ ጣቶቹን ይዘረጋል፣ ያጥፋል፣ ደግሞ ይዘረጋል። እሷ ግድግዳውን ተደግፋለች። ሰኞ የሒሳብ ፈተና አለባት። ደብተሯን በቦርሳ ይዛ ወጥታ ነበር፤ እስካሁን አንድ ገጽ አልገለጠችም።

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነው። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ላይ ከኋላው አፈናጥጦ ትምህርት ቤት ያደርሳትና ወደ ሥራው ይሄዳል። የድሮ ጓንቱን ጣቶች በገዛ መቀሱ ቆርጧቸዋል፤ አቆራረጡ ከፋብሪካ እንደዚያው ሆኖ የወጣ ይመስላል። እናቷ ያየችው ዕለት ምንም አልተናገረችም። እናቷ ዝም ካለች ደግሞ ነገር አለ። ዛሬ ጠዋት ነገሩ መጣ፦ እሱን ብቻውን ብልከው ለፎቶ የሚሆን ይዞልኝ ይመጣል፣ አብረሽው ሂጂ፣ ወፍራሙን፣ ወደ ክርን የሚጠጋውን ሳትይዙ እንዳትመጡ አለቻት።

በመጀመሪያው ሱቅ ሁሉም ሰፋው። በሁለተኛው ልኩን አገኘ፤ ቀለሙ ግን ከጃኬቱ ጋር ተጣላበት። «አባዬ፣ ሠርግ አይደለም እኮ የምትሄደው» ብትለው፣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እጄን ነው ብሎ መለሰላት። የሚያናድደው ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰው ፊት ላይ የሚመላለሰው ያ እጅ ነው።

የሦስተኛው ሱቅ ባለቤት መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቆዳ የምትሰፋ ሴት ናት። ስታወራ ከስፌቷ ቀና አትልም። እናቷ ያዘዘችውን ወፍራሙን ጓንት ስታቀብለው አጠለቀውና ሁለት እጁን አገጩ ስር አድርጎ እንደ ቦክሰኛ ዘለል ዘለል አለ። ባለሱቋ አልሳቀችም። ልጅቷም አልሳቀችም። ወዲያው ዓይኑ ጥግ ላይ የተሰቀለ ስስ ጥቁር ጓንት ላይ አረፈ። ሲያጠልቀው እጁ ላይ ልክክ አለ።

«በቃ፣ ይሄ ነው» አለ። «አየሽ አይደል? የአራዳ ማለት ይሄ ነው።»

«እሱ ለፎቶ ነው ወንድሜ» አለች ባለሱቋ።

ልጅቷ የእናቷን ድምፅ የሰማች መሰላት። ባለሱቋ የጓንቱን መዳፍ ገልብጣ ስፌቱን በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችው። ቆዳው ነጠላ ነው፣ አስፋልት የነካው ለት ወዲያው ይተረተራል አለችው። አባቷ የሰማ አይመስልም። ወደ ልጅቷ ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ወፍራሙ አልቋል እንላታለን። አንቺም በጊዜ ወደ ጥናትሽ ትገቢያለሽ።»

እሺ ልትለው አፏን ከፈተች። እግሯ ዝሏል፣ ርቧታል፤ አንዲት እሺ ብትል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቤቷ ናት። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ያኔ ከሞተሩ ስትወድቅ ጓንቱ ለምን ኪስህ ውስጥ ነበር?»

አባቷ ስሱን ጓንት ጣት በጣት ማውለቅ ጀመረ። ማን ነገረሽ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አላላትም።

«ሞቆኝ ነዋ» አለ። «ወፍራም ነበር፣ እናትሽ የመረጠችልኝ። እጄን አላበኝ፣ የፍሪሲዮኑን መያዣም በደንብ አላስይዝ አለኝ። ቤት ልደርስ ሁለት መታጠፊያ ሲቀረኝ አወለቅኩት።»

«ለእማዬስ ምን አልካት?»

«ማድረጉን ረሳሁት አልኳት።» አውራ ጣቱ ስር ያለችውን የተሸበሸበች ጠባሳ ዳሰሳት፤ ልጅቷ እስከዛሬ የምላጭ ትመስላት ነበር። «ሦስት ወር መቀስ አልያዝኩም። በዚያ ላይ ደግሞ አንቺ በመረጥሽው ጓንት የተነሳ ነው ልበላት?»

ልጅቷ በሁለቱም በገነች። እናቷ የዛሬ አሥር ዓመቱን ጓንት እንደገና ልታስገዛ ልካታለች፤ አባቷ ደግሞ ምክንያቱን እስከዛሬ ውጦ ተቀምጧል። ያኔውኑ ቢናገር ኖሮ እሷ አሁን ቁጭ ብላ ታጠና ነበር። ወደ ባለሱቋ ዞረች።

«የማያወልቀውን ይስጡን» አለቻት።

ባለሱቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ከጠረጴዛው ስር ካርቶን ጎትታ አንድ ቡናማ የቆዳ ጓንት አወጣች። መዳፉ ላይ ቆዳው ተደርቧል፣ የጣት አንጓዎቹ ላይ ጠንካራ ሽፋን አለው፣ በጣቶቹ መሀል አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አሉት፣ የእጅ አንጓው ላይ ደግሞ የሚጠብቅ ማሰሪያ። እዚህ ቆሞ አይሞከርም ብላ ወደ ሞተሩ ይዛቸው ወጣች። እዚያ አስቀምጣ ፍሪሲዮኑን ሃያ ጊዜ አስጨበጠችው። የመጀመሪያው ከአውራ ጣቱ ስር ቆነጠጠው፤ ተመልሳ ከፍ ያለ ቁጥር አመጣች። እሱን ካጠለቀ በኋላ ማሰሪያውን አጥብቃ በጣቶቹ ጫፍ ይዛ ባላት ኃይል ስትጎትተው አባቷ ከመቀመጫው ሊወርድ ምንም አልቀረውም። ጓንቱ ንቅንቅ አላለም።

«ሰው ሲወድቅ የሚወልቅ ከሆነ ካለማድረግ እኩል ነው» አለች እያለከለከች።

አባቷ ጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። አላላበውም። ይህንን እንኳ ያመነው ቅር እያለው ነው።

«ግን ቀለሙ የሼባ ነው፤ ሽማግሌ አስመሰለኝ።»

«ከመቀስ ማኅደርህ ጋር እኮ አንድ ነው» አለች ልጅቷ።

ከጃኬቱ ኪስ ማኅደሩን አወጣ፤ በየሳምንቱ ዘይት የሚቀባው፣ ለሰው የማያውሰው ነው። ጓንቱ አጠገብ አድርጎ አየው፣ አራቀው፣ አቀረበው። «እውነትም» አለ፤ ፊቱም ፈታ አለ። ልጅቷ ማኅደሩን ገና በመጀመሪያው ሱቅ ብታስታውሰው ምን ነበረበት ብላ በራሷ ተናደደች።

ከፍሎ ሞተሩን ሊያስነሳ ቁልፉን ሲያወጣ ግን ክንዱን ያዘችው።

«ሁለት መታጠፊያ ሲቀርህስ?»

«አሁንማ አላወልቅም።»

«አንድ ዘለላ ፀጉር ለመቁረጥ እንኳ፣ ሰውየው ቸኩያለሁ እያለህ፣ ጨርቁን አንገቱ ላይ ሳታስር ቶንዶስ አታነሳም።»

«እሱ ሥራ ነው።»

«ይሄም ሥራ ይሁን። ቁልፉ ሁልጊዜ ቀኙ ጓንት ውስጥ ይደር። ቁልፉን ስትፈልግ ጓንቱን ማንሳትህ አይቀርም።»

የኔ ዳኛ ብሎ ሳቀባትና ሄልሜቱን ደፋ። እሺም እምቢም አላላትም። መንገዱን ሙሉ ከኋላው ሆና እጆቹን ስታይ መጣች።

እናቷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። «ወፍራሙን አገኛችሁ?» አለች።

አባቷ ዞሮ ልጁን አያት። ዓይኑ ይለምናል፤ አልቋል የምትል አንዲት ቃል ትበቃዋለች። ልጅቷ የቦርሳዋን ማሰሪያ እንደምታስተካክል ሆና አቀረቀረች።

እሱም ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። ማሰሪያውን ሲፈታ፣ ጣቶቹን ሲያወጣ ጊዜ ወሰደበት። ቁልፉን ቀኙ ጓንት ውስጥ ጣል አደረገና በሩ አጠገብ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው።

«እሺ» አለ፤ ለልጅቷ ነው። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረ። «ግቢና ቁጭ በይ። እኔው ልንገርሽ፤ የምጀምረው ግን ከያኔው ነው።»