አሥራ ሰባተኛው ሚስማር

በሕይወቱ ሳለ ለሰው ጀርባውን ይሰጥ የነበረው መምህር ሲሞትም ጀርባውን ሰጥቶ ተገኘ። ጌጥ በሚቆርጥበት የመጋዝ ማሽን ጠረጴዛ ላይ በደረቱ ተደፍቷል፤ የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ገብቷል። ማሽኑ አልጠፋም። ክር የምታህለው ምላጭ የምትቆርጠው እንጨት ሳይኖራት ላይና ታች ትላለች። ሚስቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ ደርሷል ልትለው ስትገባ ያየችው ይህንን ነው። ሌላ ሴት ብትሆን ትጮህ ነበር፤ እሷ ግን መጀመሪያ ማሽኑን አጠፋች። እዚያ ቤት ማሽን ሳያጠፉ መጮህ ያስቀጣል።

የተላከችው ኢንስፔክተር አጭር፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሰው በተጣደፈ ቁጥር «ቆይማ» ስለምትል ጣቢያው ሁሉ ቆይማ ነው የሚላት። ስትደርስ ሳጅኑ ነገሩን በራሱ ጨርሶ፣ የሟችን ሴት ልጅ በካቴና አስሮ በረንዳ ላይ አስቀምጦ ኢንስፔክተሯን ጠበቃት።

«አልቋል» አላት። «የተገደለበት ብረት ተገኝቷል። ‹ልጄ› ተብሎ ተጽፎበታል።»

«ቆይማ። ማን ነው የጻፈው?»

ሳጅኑ ወደ ውስጥ መራት።

የሥራ ክፍሉ የድሮ ጋራዥ ነው። አንደኛው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ኮምፔንሳቶ ተለብጦ ሚስማር በሚስማር ሆኗል። በየሚስማሩ ላይ ከማሽኑ የተሰበረ ዕቃ ተሰቅሏል፦ የተበጠሰ ምላጭ፣ የተበላ ኩሽኔታ፣ ጥርሱ የረገፈ ብሎን፣ ለሁለት የተከፈለ የእግር መርገጫ። በያንዳንዱ ላይ በክር የታሰረ ካርድ አለ፤ ምን እንደተሰበረ፣ መቼ፣ ማን እንደሰበረው ይናገራል። አርባ አንድ ናቸው። ሰውየው ሠላሳ ዓመት እንጨት ሥራ ያስተማረ፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ላይ የሚውል ሰው ነው፤ ከአርባ አንዱ ግን «እኔ ሰበርኩት» የሚል አንድም ካርድ የለም። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ማዘን ግዴታ ከሆነ፣ ይህን የምነግራችሁ እኔ ግዴታዬን አልተወጣሁም።

አሥራ ሰባተኛው ሚስማር ላይ የማሽኑ የላይ ክንድ ተሰቅሏል፤ ከክርን እስከ መዳፍ የሚረዝም፣ ከመዶሻ የሚከብድ ብረት። ሌሎቹ ሁሉ እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ ለብሰዋል። ይኼኛው ታጥቧል፤ የብሎን ቀዳዳው ውስጥ ውሃው ገና አልደረቀም።

«ገድሎ፣ አጥቦ፣ መልሶ ሰቀለው?» አለ ሳጅኑ።

«ዕቃ ቦታው ካልተመለሰ ጉድ የሚፈላበት ቤት ነው። እጃቸው ለምዶታል።»

ካርዱን አነበበችው። «የላይ ክንድ። ልጄ ብሎኑን ከልክ በላይ አጥብቃ ሰበረችው» ይላል፤ ከሥሩ የዛሬ ሦስት ዓመት ቀን አለ። የሌሎቹ ወረቀት ወይቧል፣ ጽሑፋቸውም በእስክሪብቶ ነው። ይህ ነጭ ነው፤ የተጻፈውም በአናጢ እርሳስ ነው። ካርዱን ፈትታ ማስታወሻ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

«ይህን ከአንተ ሌላ ያየ አለ?»

«የለም። የነገርኳት ብረቱ ላይ አንቺ ተጽፈሻል ብዬ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው አፍህን ዝጋ።»

ሳጅኑ ቅር አለው፤ ግን ዘጋ። ሬሳው ሲገለበጥ የሟች እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ውስጥ እንደተሰካ ተገኘ። ኢንስፔክተሯ የማሽኑን ክንድ ወደ መስኮቱ ይዛ ሄዳ ስብራቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ስንጥቁ የሚጀምረው ከብሎን ቀዳዳው ነው፤ አጠገቡ ደግሞ አንድ ሰው በቅርቡ በሞረድ አጽድቶታል። ስንጥቅ እንዲህ የሚጸዳው ሊበየድ ሲል ነውና፣ ሳጅኑን መንገድ ዳር ወዳለው ብየዳ ቤት ላከችውና እሷ ወደ ኩሽና ገባች።

ሚስቲቱ ማንም የማይበላውን ምሳ እየከደነች ነበር።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ግድግዳው ፊት ያቆመናል» አለች። «እኔን፣ ልጄን፣ ወንድሙን። ከአንድ እስከ አርባ አንድ በቃላችን እንላለን። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ መጻፍም ማንበብም አልችል፤ በጆሮዬ ነው የያዝኩት። የሳተ ጦሙን ይውላል።»

«አሥራ ሰባት ምን ይላል?»

ሴትዮዋ ቀጥ ብላ ቆመች። «የላይ ክንድ። ልጄ በጥድፊያ ሰበረችው።»

«እንዴት አድርጋ?»

«እኔ ምን አውቄ። በጥድፊያ ነው የሚለው።»

«ምን አደረጋት ታዲያ?»

«ጣቷን እንጨት ጨምቆ በሚይዘው ሞርሳ ውስጥ ከተተው። አልሰበርኩም ባለች ቁጥር አንድ ዙር ያጠብቃል።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚያው። ባትሪ አብሪልኝ ብሎኝ ባትሪ ይዤ ነበር።» ድስቱን ከደነች፣ ከፈተች፣ ደግማ ከደነች። «አጎቷም ነበር። ኋላ ላይ አንጀቱ አልችል ሲለው፣ ሰበርኩት በይውና ይልቀቅሽ አላት።»

ኢንስፔክተሯ በረንዳው ላይ ወዳለችው ልጅ ወጣች፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። በካቴናው መሐል የቀኝ ሌባ ጣቷ ተጣሞ ይታያል።

«አሥራ ሰባት?»

«የላይ ክንድ። ልጄ በጥድፊያ ሰበረችው» አለች፤ እንቅልፍ ውስጥም ብትሆን የምትለው ነው።

«ሰብረሽው ነበር?»

«አልሰበርኩም። ጠዋት ስገባ ተሰብሮ አገኘሁት፤ የነገርኩትም እኔው ነኝ። አራተኛው ዙር ላይ አዎ ሰብሬዋለሁ አልኩ። ምን ላድርግ?» ቀና አለች። «ሞተ ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ግን አልገደልኩትም። ዕድሜዬን እዚህ ጨረስኩ፤ የቀረችኝን ደግሞ እስር ቤት ልጨርስ ነው?»

«ቆይማ» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ይህን ጊዜ ቀስ ብላ።

የሟች ታናሽ ወንድም መካኒክ ነው፤ ጓሮ ያለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖራል። ሰፈሩ የሚወደው፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ስትደርስ የውሃ ፓምፕ እየገጠመ ነበር። በብሎን ማጥበቂያ ቁልፉ እጀታ ላይ ክንድ የሚያህል ቧንቧ ሰክቶ ብሎኑን በሙሉ ክብደቱ ያጠብቃል።

«እንዲህ ሲጠብቅ አይሰበርም?»

«ካልጠበቀ ይፈታላ፣ እመቤቴ። እኔ ያጠበቅሁትን ከእኔ በቀር የሚፈታው የለም።» ሳቀ፤ ወዲያው የወንድሙ ሞት ትዝ ሲለው ሳቁን ሰበሰበ።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ ነዋ። የማሽኑ ጩኸት ብቻ ነው የሚሰማኝ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እርስዎም ግድግዳውን በቃልዎ ይሉ ነበር?»

«እኔማ ከንፈሬን ነው የማንቀሳቅሰው። ሴቶቹ ድምፃቸው ከፍ ያለ ነው፤ እነሱ ውስጥ እደበቃለሁ። በሃምሳ ዓመቴ ተማሪ ልሁን?»

«የልጅቱን ካርድ እንኳ አያውቁትም? አሥራ ሰባተኛውን?»

«እሱንማ እንዴት አጣዋለሁ። ብሎኑን ከልክ በላይ አጥብቃ ሰበረችው ነው የሚለው። ልጅነት ነው፣ ምን ይደረግ።»

«ጎበዝ» አለችውና ጉልበቷን እያሸች ወጣች።

ሳጅኑ ከብየዳ ቤቱ ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። በጆሮዋ የነገራትን ሰምታ ሦስቱንም ሥራ ክፍሉ ውስጥ እንዲሰበስባቸው አዘዘችው። ሬሳው ተነሥቷል፤ ደሙ ግን ጠረጴዛው ላይ ነው። ሦስቱ ማንም ሳይነግራቸው ግድግዳው ፊት ተሰለፉ። ሲያዩአቸው ያናድዳሉ፤ ሰውየው ሞቷል፣ እነሱ ግን ተሰልፈዋል።

«ሟች የተመታው በዚህ ክንድ ነው» ብላ ጀመረች። «ደም ብረቱን ብቻ ሳይሆን ካርዱንም አለበሰው፤ ጽሑፉ የሚነበብ አልነበረም። ብረት ይታጠባል፤ ወረቀት አይታጠብም። ስለዚህ ገዳዩ አሮጌውን ካርድ አጠፋና አዲስ ጻፈ።»

«ሟቹ ራሱ ቀደም ብሎ ቀይሮት ቢሆንስ?» አለ ሳጅኑ።

«ሟች ሁሉንም የጻፈው በእስክሪብቶ ነው። እስክሪብቶው ደግሞ ደረቱ ሥር ነበር። ገዳዩ ያንን ለማውጣት የገደለውን ሰው ገልብጦ ፊቱን ማየት ነበረበት። አልደፈረም፤ ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን እርሳስ አነሣ። እናትየው መጻፍ አይችሉም። ስለዚህ የጻፈው ከሁለታችሁ አንዳችሁ ናችሁ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

ኢንስፔክተሯ ካርዱን አውጥታ ጮክ ብላ አነበበችው። «የላይ ክንድ። ልጄ ብሎኑን ከልክ በላይ አጥብቃ ሰበረችው።»

«እንዲህ አይልም» አለች እናትየው፤ ሳይጠይቋት።

«አይልም» አለች ልጅቷም። «በጥድፊያ ነው የሚለው። ስለ ብሎን ምንም የለውም።»

«ሟች ስለ ብሎን አያውቅማ። ማሽኑ ላይ ያገኘው አንቺን ነው፤ አንቺን ጻፈ። ሁለታችሁ ቃሉን አንድ በአንድ ስለያዛችሁት ብትጽፉት ኖሮ እንደነበረው ትጽፉት ነበር። ከንፈሩን ብቻ ሲያንቀሳቅስ የኖረው ግን ካርዱ ምን እንደሚል አያውቅም። ክንዱ በምን እንደተሰበረ ግን ያውቃል። የሚያውቀውን ጻፈ፤ ስጠይቀውም ያንኑ ደገመልኝ።»

ከጠረጴዛው ላይ ጣት የምታህል የማሽኑን ቁልፍ አንሥታ አሳየቻቸው። «እዚህ ክፍል ያለው ቁልፍ ይኸው ነው። በዚህ ይህን ብረት መሰንጠቅ አይቻልም። ቁልፉ ላይ ቧንቧ የሚሰካ ሰው ያስፈልጋል።»

ሁሉም ወደ መካኒኩ ዞሩ።

«ትናንት ማታ ሟች ክንዱን ለመለዋወጫ ሊያስበይደው ወስዶት ነበር» አለ ሳጅኑ፤ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል። «በያጁ ስንጥቁን አጽድቶ አይቶ፣ ይህን ያጠበቀው በቧንቧ የሚሠራ ሰው ነው ብሎታል።»

አጎትየው ለመቀለድ አፉን ከፈተ፤ የመጣለት ቀልድ ግን የለም። «የዛሬ ሦስት ዓመት ማሽኑ ይንቀጠቀጥበት ነበር» አለ። «ሳይሰማ ላስተካክልለት ብዬ ነው። ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ጥዬው ወጣሁ። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ጠራኝ። ክንዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ሞርሳውን ከፍቶ ነበር የጠበቀኝ። ጣትህን አምጣ አለኝ። አይሆንም ስለው፣ ይህችን ጌጥ እስክጨርስ አስብበት ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። እጄ እኮ የሥራ እጅ ነው። በእጄ ነው የምበላው።»

«የኔስ?» አለች ልጅቷ።

አጎትየው እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ሞርሳው ሲጠብቅ አጠገቤ ነበርክ። ሰበርኩት በይ ያልከኝ አንተ ነህ። ዛሬም እኔኑ መልሰህ ጻፍክ።»

«ካርዱ ላይ ከመጀመሪያውም የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ የኔ ልጅ። ሌላ ብጽፍ ይነቁብኝ ነበር።»

ሳጅኑ ካቴናውን ከእሷ ፈትቶ አጎትየው ላይ አሰረ። ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉረመረመ፤ እሷ አላየችውም።

«አባቴ ያወቀው ማታ ነው?» አለች አጎቷን።

«ማታ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ሙሉ አብሬው ሠርቻለሁ። ጣቴን ሲያይ ነበር። እጅሽ ዘገምተኛ ሆነ አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም። ያን ጊዜ እኔ እንዳልሰበርኩት ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር። የእሷን ካርድስ ምን ልታደርገው ነው ብዬዋለሁ። አንዴ ተጽፏል፣ አይቀየርም አለኝ።»

እናትየው ይህን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ልጇን ልታቅፋት ተጠጋች፤ ልጅቷ በቀስታ ገለል አለች። የተጣመመ ጣቷን በሌላው እጇ አሸች።

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ ይሆናል፣ ልጄ።»

«እኔን እንዳትጠብቁኝ» አለችና ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።