የሦስተኛው ገንዳ ሽታ

ጦርነቱ በፈነዳ በሦስተኛው ዓመት፣ በሚያዝያ ወር አንድ ማክሰኞ በጠራራ ፀሐይ፣ ከወንዙ ዳር በተተከለው የቆዳ ፋብሪካ የምሳ ፊሽካ ተነፋ፤ የቆዳ አልፊዎቹ አለቃም እንደ ልማዱ ወደ ቤቱ አቀና። ሠራተኛው ሁሉ «አፍንጫው» ይለው ነበር፤ ገንዳ ውስጥ የተዘፈዘፈ ቆዳ ሊበላሽ ሲል፣ ማንም ሳይጠረጥር ከሽታው ለይቶ የሚያውቅ እሱ ነበርና።

ያ አፍንጫ ታዲያ ካለፈው ክረምት ብርቱ ጉንፋን ወዲህ ምንም አይሸተውም። አለቃው ጉዱን ለማንም አልተነፈሰም፤ በሦስተኛው ገንዳ ለጦሩ ጫማ የሚሆን አራት መቶ ቆዳ ተዘፍዝፏል፤ ከጦሩ የሚላኩ ሻለቃ ነገ ማለዳ መጥተው ይመረምሩታል፤ የሠራዊት ቆዳ ያበላሸ ሰው እንደ ከዳተኛ ተቆጥሮ ወኅኒ እንደሚወርድም በፋብሪካው በር ላይ አዋጅ ተለጥፏል።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ኮቱን ገና ከመቀበሏ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አንተ ሰውዬ፣ የቱ ገንዳ ጋ ዋልክ?»

«ሦስተኛው ጋ። ምነው?»

«ጉድ ፈላ! ቆዳው ሊበሰብስብህ ነው። ሠላሳ ዓመት ልብስህን ሳጥብ ደኅናውን ከክፉው መለየት ያቅተኛል?»

«እኔን ሳይሸተኝ ደግሞ አንቺን...»

«ተው እባክህ! ወተቱ አጠገብህ ከሰል እስኪሆን ሲያር ጋዜጣህን ታነብ አልነበር? ያን ቀን ነው ያወቅሁብህ። እንዳትሸማቀቅ ብዬ ዝም አልኩ እንጂ። በል ሩጥ!»

ምሳውን ሳይቀምስ ተፈተለከ። ገንዳው ዳር ተንበርክኮ አንዱን ቆዳ በአውራ ጣቱ ቢገፋው የመበስበስ ምልክት ነውና ጸጉሩ ከዳር ከዳሩ መነቀል ጀምሯል፤ ቆዳው ግን ገና አልላላም።

«ውሃውን ልቀቁት! ጨው አምጡ!» ብሎ ጮኸ።

እስኪመሽ ድረስ አጥበው፣ ጨው ነስንሰው፣ አንድ በአንድ አነሡት።

በማግሥቱ ሻለቃው ቆዳውን አገላብጠው፣ ስበው፣ ጎትተው አዩት፤ አንድም እንከን አጡበት።

«አለቃ፣ አፍንጫዎ የሚባልለትን ያህል ነው!» አሉት።

«አፍንጫውስ የባለቤቴ ነው፣ ጌታዬ» አለ።

ሻለቃው ቀልድ መስሏቸው ከት ብለው ሳቁ። ፊታቸውን ሲያዞሩ አለቃው እፎይ ብሎ የጨው ከረጢት ላይ ዘፍ አለ።

ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ በተጻፈ ታሪኩ ውስጥ፣ አለቃው በአፍንጫው አራት መቶ ቆዳ እንዳዳነ በአንዲት መስመር ተወስቷል። ሚስቱ አልተጻፈችም። እሱ ግን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ፣ ቀትር በመጣ ቁጥር ደጃፉ ላይ ቆሞ ኮቱን ይዘረጋላት ነበር፤ አሽትታ «ደኅና ነው፣ ግባ» ሳትለውም ምሳ አይበላም ነበር።