የጎደሉት ሰባት ክኒኖች

ጣና ከነደሴቶቹ ይድረቅ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት የውሸት ቃል የለችም። ዜማ ክኒኖቹን አልጋዋ ላይ ዘርግፋ ለአራተኛ ጊዜ ቆጠረቻቸው፤ አሥራ አንድ። ለአምስተኛ ጊዜ ቆጠረች፤ አሥራ አንድ። አርባ ጊዜ ብትቆጥር እንኳ ያው ነበር።

አሥራ ስምንት መሆን ነበረባቸው። ዜማ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ሐኪም የትኩረት እጥረት እንዳለባት ካወቀ ወዲህ በየጠዋቱ ከቁርስ ጋር አንድ ክኒን ትወስዳለች። ካልወሰደች፣ አስተማሪው አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ እስኪጨርስ የእሷ ሐሳብ ጣናን ሦስት ጊዜ ዞሮ ይመለሳል። መድኃኒቱን የሚያመጣላት አባቷ አዘዘ ነው፤ ለሥራ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ በሐኪም ወረቀት። ቀጣዩ ጉዞ ገና አሥራ ስምንት ቀን ይቀረዋል።

ሰባቱን ማን ወሰደ?

ጥርጣሬዋ ሩቅ አልሄደም፤ እዚያው ክፍል፣ ፊት ለፊቷ ያለው አልጋ ላይ አረፈ። የአክስቷ ልጅ እሌኒ ከጣና ማዶ፣ ከቁንዝላ የመጣችው እዚህ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር፣ እነሱ ቤት ሆና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንድታጠና ነው። መጀመሪያ ሰሞን መጽሐፍ በገለጠች ቁጥር እንቅልፍ እንደ ጎርፍ ይወስዳት ነበር፤ ማንኮራፋቷ ሐሙሲት ድረስ ሰው ይቀሰቅሳል ቢባል ማጋነን አይደለም። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆናለች። አንድ ሙሉ የፊዚክስ ደብተር በሁለት ቀን ገለበጠች። ምሳ ሲቀርብ ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ «ጠገብሁ»። ከንፈሯ ደርቋል፤ እግሯ ጠረጴዛ ሥር እንደ ስፌት መኪና ይንቀጠቀጣል።

ዜማ ምልክቶቹን አሳምራ ታውቃቸዋለች። መድኃኒቱን የጀመረች ሰሞን እሷም ምግብ አስጠልቷት፣ አፏ ደርቆ ነበር። ያኔ ግን ሐኪሙ ልቧን እያዳመጠ፣ ክብደቷን እየመዘነ መጠኑን አስተካክሎላታል። እሌኒን ማን አዳመጣት?

ለጓደኛዋ ለሱምያ ደውላ ጥርጣሬዋን ነገረቻት።

«ጫት የሌለበት ምርቃና በይኛ!» አለች ሱምያ። «ለአባትሽ ንገሪው፤ ፋራ አትሁኚ።»

«ወደ ቁንዝላ ቢመልሳትስ? ፈተናው ሁለት ሳምንት ነው እኮ የቀረው።»

«ክኒኑ ሲያልቅ አንቺስ? ግድግዳ ላይ ልትወጪ ነው?»

ዜማ ስልኩን ዘጋችና የዓለም ሰላዮች ተሰብስበው ያልሠሩትን ስለላ ሠራች። የእሌኒን ቦርሳ አራገፈች፣ የደብተሮቿን ሽፋን ገለበጠች፣ ከቤቷ ያመጣችውን በሶ ሳይቀር በማንኪያ ማሰችው። ምንም የለም። አለመኖሩ ጭራሽ ጥርጣሬዋን አባሰው፤ ይህን ያህል አርቃ የምትደብቅ ልጅ!

ምሳ ላይ የክኒኑን ብልቃጥ ከወጡ ጎን አስቀመጠችው።

«አባዬ፣ ሰባት ክኒን ጠፍቷል። የወሰደችው እሌኒ ናት።»

የአዘዘ ጉርሻ አየር ላይ ቀረ። «እውነት ነው፣ እሌኒ?»

«አልወሰድሁም፣ ጋሼ! በማርያም፣ በእጄም አልነካሁት።»

«እጅሽ ግን ይንቀጠቀጣል» አለች ዜማ።

«አሞኝ ነው። ልቤ... ደረቴን ሊሰብረው ይደርሳል። ብናገር ወደ ቤት ትመልሱኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

አዘዘ እጁን ጠርጎ ስልኩን አወጣ። «እኔ ቤት ሌብነትም ውሸትም የለም። ለእናትሽ እደውላለሁ፤ ነገ በጀልባ ትሄጃለሽ።»

እሌኒ አላለቀሰችም፤ እንባው ሁሉ የደረቀባት ይመስል ነበር።

የዜማ እናት ቃለ ሕይወት እስካሁን ቃል አልተነፈሰችም። በሰፈሩ ያለ ፈቃድ የተከፈተች ፋርማሲ እሷ ናት፤ ከልጇ ጉንፋን የተረፈውን ሽሮፕ ለጎረቤት፣ ከባሏ ጥርስ ሕመም የተረፈውን ክኒን ለጥበቃው ታድላለች፤ ያስታመመችው ሰው ቢሰለፍ የባሕር ዳርን መንገዶች ሁሉ ይሞላል። አሁን ግን ድምፅዋ የወትሮው አልነበረም።

«አዘዘ፣ ስልኩን አስቀምጠው» አለች በቀስታ። «አልሰረቀችም። እኔ ነኝ የሰጠኋት።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«በየጠዋቱ አንድ አንድ። ቫይታሚን ነው ብያት ነው። እህቴ ልጄን አደራ ብላኝ፣ ልጅቱ መጽሐፍ ላይ ስትተኛብኝ... ዜማን አደብ ካስያዘ እሷንም ያተጋልኛል ብዬ ነበር።»

«ቫይታሚኑ?» አለች እሌኒ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አክስቷን አየቻት።

ዜማ ከተቀመጠችበት ተነሳችና ብልቃጡን ኪሷ ከተተችው። የእሌኒን ጫማ አምጥታ፣ የልጅቷ ጣቶች ክሩን መያዝ ሲያቅታቸው ራሷ ተንበርክካ አሰረችላት።

«ጤና ጣቢያ እንሄዳለን» አለች። «ልብሽን ያዳምጡሽ።» ከዚያ ቀና አለች። «እማዬ፣ አንቺም ተነሺ። ምን እንደሰጠሻት፣ ስንት ቀን እንደሰጠሻት፣ ለሐኪሙ የምትናገሪው አንቺ ነሽ።»

ቃለ ሕይወት እጇን እንኳ ሳትታጠብ ተነሳች።